ጉልበታችንም ደማችንም ሕግ ይጠብቀው

ርዕሰ አንቀጽ

የተከበራችሁ የሞጣ፣ የብቸናና የአካባቢው መራጮች፦

በዚህ ማኒፌስቶ ሌሎች ገጾች ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰላም ፓርቲያችን የያዘውን አማራጭ ታገኛላችሁ። ይህ ርዕሰ አንቀጽ የሚያነሳቸው ሁለት ጉዳዮች ግን በምርጫ መድረክ ላይ ብዙም ሲነገርላቸው አይሰማም። አንደኛው ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚገቡት የልጆቻችን ጉልበት ነው። ሁለተኛው በሕክምናና በምርምር ስም ከክንዳችን የሚቀዳው ደም ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ሊመስሉ ይችላሉ። ሆኖም ሁለቱም ከሰው አካል ወጥተው ወደ ዓለም ገበያ የሚሄዱ ሀብቶች ናቸው። የሁለቱም ዋጋና ውል ባለቤቱ ሳይጠየቅ በሌላ ሰው ይወሰናል። የጤፍ ነዶውን ዋጋ ራሱ ሳይተምን የማይሸጥ ገበሬ የልጁን ጉልበትና የራሱን ደም ሌላ ሰው እንዲተምንለት መፍቀድ የለበትም።

የርካሽ ጉልበት ፖሊሲ

ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ጤፍና ከብት ብቻ አይደለም የሚያጓጉዘው። መሬት ያልደረሳቸው፣ ፈተና ያላለፉ፣ ሥራ ያጡ ልጆቻችንንም ይዞ ይሄዳል። ለአንዲት የገጠር ወጣት ከፊቷ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ዓረብ አገር፣ በከተማ የቤት ሠራተኝነት ወይም ፋብሪካ። ከእነዚህ ሁሉ ፋብሪካው በአገሯ፣ በሕግ ጥላ ሥር፣ ከእኩዮቿ ጋር የምትሠራበት በመሆኑ የተሻለው መሆን ነበረበት። ፓርቲያችን ፋብሪካን አይቃወምም። እናቶቻችን ጥጥ ዳምጠው፣ ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው፣ ሸማኔው ድርና ማጉን አዋድዶ ያለበሰን ሕዝብ ነን። ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። እኛ የምንቃወመው ድህነታችንን እንደ ሸቀጥ አስተዋውቆ የሸጠውን ፖሊሲ ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስልሳ ሺህ ሰው እንደሚቀጥር ተነግሮ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃንና ባሕር ዳርም ተከተሉ። ለውጭ ባለሀብት የቀረበው ማባበያ ግብር እፎይታና የተዘጋጀ ሼድ ብቻ አልነበረም፤ ዝቅተኛ ደመወዝም ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ የኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ሠራተኛ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ይህም በጊዜው ምንዛሪ ከ750 ብር እምብዛም አይርቅም። በዚያው ጥናት መሠረት የባንግላዴሽ ሠራተኛ 95፣ የኬንያዋ 207፣ የቻይናዋ 340 ዶላር ያገኙ ነበር። ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚሸጡ አገሮች ሁሉ የእኛ የመጨረሻው ዝቅተኛ ሆነ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በዚህ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ በልቶ፣ ለእናት ጥቂት መላክ አይቻልም። ልጆቹ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ሞከሩት፤ አልሆነም፤ ጥለው ወጡ። ያው ጥናት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየአሥራ ሁለት ወሩ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው እንደሚተኩ ገልጿል። ከዚያ ቀደም ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ያካሄዱት ጥናትም፣ ሥራ ካገኙት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ደግሞ ዓመት ሳይሞላ እንደለቀቁ አሳይቷል። ይህን አንዳንድ ባለሥልጣን የሥራ ባህል ማጣት ይለዋል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ አጨዳ የምትውል የገጠር ልጅ የሥራ ባህል የላትም ማለት ድፍረት ነው። እሷ ያጣችው የሚያኖር ክፍያ ነው።

ሕግ አለ፤ ግማሹ ግን ተንጠልጥሏል

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኛ የመደራጀት፣ በተወሰነ ሰዓት የመሥራትና ጤናማ በሆነ የሥራ ቦታ የመዋል መብት ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት መደበኛ ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ለወላድ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። እነዚህ መልካም ድንጋጌዎች ናቸው፤ ማንም ያውጣቸው ማን እንደግፋቸዋለን።

ይኸው አዋጅ መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች የሚወከሉበት፣ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን አዟል። ይሁን እንጂ እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በአገር ደረጃ የሚሠራ የደመወዝ ወለል አልተቀመጠም። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጥያቄውን በየዓመቱ ሲያነሳ ኖሯል። ስድስት ዓመት ሙሉ ደንብ አለመውጣቱ በራሱ ውሳኔ ነው፤ የማን ጥቅም እንደተጠበቀበትም ግልጽ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ጉዳቱ ተባባሰ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልብሱን በዶላር ለሚሸጠው ፋብሪካ የሠራተኛው ደመወዝ በግማሽ ረከሰለት። ጤፍና ዘይት በብር ለምትገዛው ሠራተኛ ግን ኑሮው ሰማይ ነካ። የአንድ ውሳኔ ትርፍ ለአንዱ፣ ኪሣራው ለሌላው እንዳይሆን የደመወዝ ወለል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ባለሀብቱ አይሸሽም ወይ?

ተቃዋሚዎቻችን “ደመወዝ ቢጨምር ባለሀብቱ ወደ ሌላ አገር ይሸሻል” ይሉናል። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ፣ ደመወዙ ዝቅተኛ ሆኖም ሸሽቷል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳው ቀዳሚ ኩባንያ ፒቪኤች በጦርነቱ ምክንያት ማምረቻውን ዘጋ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎአ የአሜሪካ ቀረጥ ነጻ ዕድል ተሰረዘች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። ባለሀብቱን ያባረረው ጦርነት እንጂ የሠራተኛዋ ደመወዝ አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የደረሰው ግጭት፣ የመንገድ መዘጋትና የኢንተርኔት መቋረጥ ያደረሰውን ደግሞ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፣ የባንግላዴሽን ታሪክ እንመልከት። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። በዋዜማው ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ተገደዱ። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ የሕንፃና የእሳት ደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ። የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝም እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ወደ 5,300 ታካ፣ በኋላ ወደ 8,000፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ማብቂያ ወደ 12,500 ታካ አደገ። ኢንዱስትሪው አልጠፋም፤ ከቻይና ቀጥሎ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆኖ ቆየ። እኛ ሕግ ለማውጣት የራሳችንን ራና ፕላዛ መጠበቅ የለብንም።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛ በየዓመቱ ሲቀያየር ሥልጠናው ሁሉ ባክኖ ይቀራል። እጇ የተፍታታ ሠራተኛ በቀን የምትሰፋውን አዲሷ አትደርስበትም። ሠራተኛን የሚያቆይ ደመወዝ ለፋብሪካውም ትርፍ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ የፓርላማ ወንበር ገበያን በአንድ ጀምበር አይመልስም። ደመወዝ በአዋጅ ሰማይ ይሰቀላል ብለንም አንዋሽም። ቃል የምንገባው ወለሉ እንዲቀመጥና ወለሉን ሲያስቀምጡ ሠራተኛዋም በጠረጴዛው ዙሪያ እንድትቀመጥ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን የምትፈትለዋ ግን እስካሁን ብቻዋን ናት።

ስለ ደማችንም

በዓለም ሕክምና አዲስ ዘመን ገብቷል። መድኃኒት ለሁሉም በአንድ ልክ መስጠት ቀርቶ፣ የእያንዳንዱን ሰው ዘረመል አይቶ መምረጥና መመጠን ተጀምሯል። ይህ ለሀብታም አገር ብቻ የሚሆን ቅንጦት አይደለም፤ እኛን በቀጥታ ይነካናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመውና እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር ያካሄደችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29 ያህሉ አንዳንድ መድኃኒቶችን እጅግ ፈጥኖ የሚፈጭ የዘረመል ብዜት እንዳላቸው አሳየ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ ከአንድ እስከ ሁለት ነው። ኮዴይን የተባለው የሕመምና የሳል ማስታገሻ በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጉበት ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ በሕፃን ላይም ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል።

ለወባም እንዲሁ ነው። ወደ አባይ በረሃ ወይም ወደ መተማና ሁመራ ለአጨዳ የሚወርደው ወጣታችን ቫይቫክስ የተባለው ወባ ሲይዘው፣ ከጉበት ነቅሎ የሚያወጣው ፕሪማኩዊን ነው። ጂ-6-ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በዘር ለጎደለው ሰው ግን ይኸው መድኃኒት ቀይ የደም ሕዋሱን ሊያፈርስ ይችላል። ቀላል ምርመራ ቀድሞ ቢደረግ ሰውየውም ይድናል፤ መድኃኒቱም በስጋት አይከለከልም። በሐኪም የታዘዘላችሁን መድኃኒት አቋርጡ ማለታችን አይደለም፤ ሐኪሙ የሚመረምርበት መሣሪያ በሞጣና በብቸናም ይኑረው ማለታችን ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ግምገማ እንደሚያሳየው፣ በዓለም የዘረመል ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች ከመቶ 78 ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእኛ ደም ለምርምር ይፈለጋል፤ መፈለጉም መልካም ነው፤ ያልተጠና ሕዝብ የሚስማማው መድኃኒት አይሠራለትምና። ጥያቄው በምን ውል የሚለው ነው። በጤፋችን የደረሰውን አንርሳ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራርመው ነበር። ኩባንያው የጤፍን ዱቄት አስመልክቶ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ በኋላም ከሰረ። ገበሬው ያገኘው እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አልነበረም። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ፈጠራ የለበትም ብሎ የሻረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። በእህላችን አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የፈጀብን ስህተት በደማችን መደገም የለበትም።

ፓርቲያችን የሚታገልላቸው

፩. የደመወዝ ቦርዱ ደንብ እንዲወጣ በመጀመሪያው የምክር ቤት ዓመት ጥያቄ እናቀርባለን። ወለሉ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነትና ከምንዛሪ ጋር ታይቶ እንዲስተካከል እንጠይቃለን።

፪. ከወረዳ ተመልምላ የምትሄድ ሠራተኛ ሁሉ ከቤቷ ሳትወጣ ደመወዙን፣ ሰዓቱን፣ የመኝታና የምግብ ወጪውን የሚዘረዝር የጽሑፍ ውል በአማርኛ እንድትይዝ፣ ማንበብ ለማትችልም እንዲነበብላት እንሠራለን።

፫. የሠራተኛ ማኅበር አደራጆች በፓርኮች በር እንዳይከለከሉ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ቁጥር እንዲጨምርና የምርመራ ውጤታቸው ለሕዝብ እንዲታተም እንጥራለን።

፬. ማንኛውም አሠሪ ለቅጥር ሲል የእርግዝናም ሆነ የዘረመል ምርመራ እንዳይጠይቅ በሕግ እንዲከለከል እናደርጋለን።

፭. የዘረመል ምርመራ የሚሰጡ ላቦራቶሪዎች ጥራታቸው ተረጋግጦ ፈቃድ እንዲያገኙ፣ የማይጠቅም ምርመራ ለሕመምተኛ የሚሸጥም እንዲጠየቅ የሚያደርግ ዝርዝር ሕግ እናቀርባለን።

፮. ደም ወይም ናሙና ሲወሰድ ሰጪው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ፈቃዱን እንዲሰጥ፣ ናሙናው ከአገር ሲወጣም በውል እንዲሆንና ከሚገኘው ጥቅም ሕዝቡ እንዲካፈል እንከራከራለን።

፯. የጂ-6-ፒዲ ምርመራ ወባ በሚበዛባቸው የአባይ ሸለቆ ጤና ጣቢያዎች እንዲዳረስ፣ በኮዴይን መድኃኒቶች ላይም በአማርኛ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን።

የተከበራችሁ መራጮች፦

ይህ ሁሉ ከሰላም ውጭ እንደማይሆን እናውቃለን። ሰላም ሲመጣ ግን ፋብሪካዎቹም ተመራማሪዎቹም ተመልሰው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ሕጋችን ተዘጋጅቶ ካልጠበቃቸው፣ ትናንት በ26 ዶላር የተተመነው ጉልበት ነገም በሌላ ሰው አፍ ይተመናል። በምርጫው ቀን ወደ ድምፅ መስጫው ስትሄዱ በየቤታችሁ ያለችውን፣ ነገ ሻንጣዋን ይዛ በዚያ መንገድ የምትወጣውን ልጅ አስቡ። የማንንም ዕጩ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ “ልጄ ስትቀጠር ደመወዟን የሚወስነው ማነው?” በግልጽ ለመለሰላችሁ ድምፃችሁን ስጡ።