ስፒከሩ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

ሰሞኑን እኛ ቤት ያከራከረን ጉዳይ በብዙ አንባቢ ቤትም ሳይኖር አይቀርም። አባታችን በጉልምስናቸው የገዟቸው ሁለት ትልልቅ ባለ እንጨት ስፒከሮች ወለቃ ባለው ቤታችን ሳሎን ከተቀመጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ «ብሩን እልካለሁ፤ አዲስ ይገዛላቸው» አለ። ልጆቼ ደግሞ ከስልክ ጋር የምትሠራ ትንሽ ብሉቱዝ ትበቃለች ባይ ናቸው። አባባ ግን «ድምፁ ጠፍቷል» ብለው ቴፑን መክፈት ከተዉ ቆይተዋል።

ወለቃ ስሟ የሚነሳው በእጅ በሚሠራው ሸክላ ነው። የአባባ ትውልድ ግን ሸክላ ሲባል ዘፈንም ይታወሰዋል። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ ጀርመን አገር በሸክላ ከተቀረጸ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1960ዎቹ አምሐ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ የዘመኑን ዘፋኞች በሸክላ አሳተመ፤ ከዚያም ካሴት ተተካ። ለእነዚህ ሰዎች ስፒከር ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያዳምጥበት ነበር። ስለዚህ «አሮጌ ነው» ብሎ ከማንሳት በፊት ምን እንደሆነ ማየት ይገባል።

መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን አጥፍተን የግራውንና የቀኙን ስፒከር ሽቦ አቀያየርን። የሚንኮሻኮሸው ድምፅ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ከዞረ ችግሩ የስፒከሩ ነው፤ በነበረበት ጎን ከቀረ ግን የአምፕሊፋየሩ ወይም የሽቦው ነው። የእኛ አብሮ ዞረ። የፊቱን ጨርቅ ስናነሳ ክቡን ወረቀት ዙሪያውን የሚይዘው ስፖንጅ እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈርፍሯል። እንዲህ ያለው ስፖንጅ ባይሠራበትም እንኳ በ15 እና በ20 ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ በራሱ ያልቃል። ወረቀቱ ካልተቀደደና ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ካልተቃጠለ ስፖንጁን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ጎንደር ያለ ቴፕ ጠጋኝ የጠየቀን ዋጋ አዲስ ለመግዛት ከሚወጣው አንድ አምስተኛ አይሞላም።

መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ያንብቡ። 8 ኦም የሚል ከሆነ 4 ኦም ስፒከር አይስጡት፤ ከልክ በላይ ይግልና ሊቃጠል ይችላል።

ስፒከሩ ተጠግኖ መጣ። ዘፈኑ ቤቱን ሞላው፤ አባባም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዜና ሲከፈት ግን «ሰውየው ያጉረመርማል» አሉ። ለእኛ ጥርት ብሎ ይሰማናል።

ያኔ ጉዳዩ ስፒከር ብቻ እንዳልሆነ ገባን። ጆሮ በዕድሜ ሲደክም መጀመሪያ የሚሸሸው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ፊደሎች ይጠፋሉ። ሰውየው ንግግር መኖሩን ይሰማል፤ የተባለውን ግን አይለይም። ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ይህን አይሞላም፤ ድምፅ መጨመርም ቤቱን ከማወክ አያልፍም። አባባም የልጅ ልጆቻቸውን ሁለት ጊዜ ካስደገሙ በኋላ ፈገግ ብለው ዝም ማለት ልማዳቸው ሆኗል። እኛ ዝምታውን እርጅና ብለነው ነበር።

ለወንድሜ ደወልኩለትና «ብሩን ላከው፤ ግን ለስፒከር አይደለም» አልኩት። ጆሮ የሚዘጋው አንዳንዴ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ነው፤ እሱን ሐኪም በቀላሉ ያወጣዋል። ሌላ ከሆነም የማዳመጫ መሣሪያ አለ። ሳይታዩ ግን የቱ እንደሆነ አይታወቅም።

አባባ መጀመሪያ «ለስንት ቀን ዕድሜ ብላችሁ ነው?» ብለው እምቢ አሉ። እሺ ያሰኘቻቸው የስድስት ዓመቷ ልጄ ናት። «አባባ፣ እኔ የምነግርዎትን አይሰሙኝማ» አለቻቸው። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።