ሽማግሌው የማን ዋስ ነው?

በማደሪያችንም በሻይ ቤቱም የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ባህላችንን አትንኩ፤ ሽምግልና ከፍርድ ቤት ይበልጣል» ይላል። ሌላው ወገን «ሕጉ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ምን ቀረ?» ብሎ መጽሐፉን ይገልጣል። እኛ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። ነገሩን በጠለፋ እንመርምረው።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን ያገባች እንደ ሆነ ክሱ የሚቀርበትን በር ትቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በውስጡ በተደነገገው ጉዳይ ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ በአንድ አንቀጽ፣ በ3347 ሻረ። ነገር ግን መሻሩን ለልማዱ ማን ነገረው? ጠላፊው መጥለፉን፣ ሽማግሌውም ማስታረቁን ቀጠለ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው። በአንቀጽ 587 መሠረት ለማግባት ብሎ ሴት የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ደፍሯትም እንደ ሆነ የመድፈሩ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም።

ታዲያ ጠለፋ ባልጠፋበት ገጠር የሚሆነው ምንድር ነው? ልጅቱ ውሃ ስትቀዳ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትያዛለች። የጠላፊው ዘመዶች ሽማግሌ ይልካሉ፤ ድንጋይ ተሸክመው ከአባትየው ደጅ ይወድቃሉ። ካሳ ይቆረጣል። አባትየውም «ደም ከሚፈስ ይቅር» ይላል። ክስ ተጀምሮ እንደ ሆነም ምስክር ይጠፋል፤ መዝገቡ ይዘጋል። በዚህ ሁሉ መካከል ልጅቱን የጠየቃት ማን ነው? ማንም!

ሽማግሌን አንንቅም። ፍርድ ቤት የቀን መንገድ በሚርቅበት አገር የወሰን ጠብ ያበረደው፣ ደም ያደረቀው እርሱ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ አይከለክልም። ይህ የሚሆነው ግን ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ባለ ጉዳይዋ ደግሞ ልጅቱ ናት እንጂ አባቷ አይደለም። ይልቁንም ጠለፋ ወንጀል ነው እንጂ የቤተ ሰብ ክርክር አይደለም።

«ባህል» የሚሉን ወንድሞችም ባህሉን ጠንቅቀው ይወቁት። «በሕግ አምላክ» ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል የሚል ሕዝብ ነው ያሳደገን። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብሎ የሚቆጭ ሕዝብ ነው። ለጭብጦው ይህን ያህል የሚቆጭ አባት፣ ልጁ ያለ ፍርድ ስትሄድ እንዲመርቅ የሚያስገድደው ዕርቅ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው? ይህ የሥርዓቱ መበላሸት እንጂ ሥርዓቱ አይደለም።

ሆኖም ጣታችንን ወደ ገጠር ብቻ መቀሰር ያሳፍራል። ለዕረፍት አገር ቤት ስንወርድ «የተማረ ነው» ተብለን ከሽማግሌዎች ጎን የምንቀመጠው፣ የዕርቁንም ውል የምንጽፈው እኛው ነን። ትምህርት ሲከፈት ወንበሯ ባዶ የቀረውን እኅታችንን «አግብታ ይሆናል» ብለን የምናልፋት እኛው ነን። የሕግ ተማሪው አንቀጽ 587ን ለፈተና ሸምድዶ በመንደሩ ዝም ካለ፣ ትምህርቱ ለማን ጠቀመ?

ስለዚህ የጠለፋ ዕርቅ ውል የሚጽፍ ብዕር ከመካከላችን አይገኝ። ለሽምግልና ብንጠራ የፊተኛው ጥያቄያችን «ልጅቱ የት ናት? እርሷስ ምን አለች?» የሚል ይሁን። ያየን እንደ ሆነ ቀርበን እንመስክር። መምህራኖቻችንም የሕጉን ቃል ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ እንድናዘጋጅ ይርዱን።

ሽማግሌ የተበዳይ ዋስ ሲሆን እጅ እንነሣዋለን። የጠላፊ ዋስ ሲሆን ግን «በሕግ አምላክ!» ብለን እናቆመዋለን።