ከታሪክ መዝገብ፦ የክሪሚያ ድንበርና የምርኮኛ ዋጋ



በመርካዝ ክሊታ የሚኖሩ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «በኡልፓን አብረውኝ የሚማሩት ከሩሲያና ከዩክሬን የመጡ ሰዎች በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። የክሪሚያ ነገር ሲነሳ ግን ይኳረፋሉ። ለመሆኑ ይህች አገር የማን ነበረች?» ጥያቄው መልካም ነው። የዛሬውን ጦርነት ለዜና ትተን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን እንንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሪሚያ በጥቁር ባሕር ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ ባሕረ ገብ ምድር ስትሆን፣ ከዋናው የብስ ጋር የምትገናኘው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ፔሬኮፕ በተባለ ጠባብ መሬት ነው። የሞንጎሎች ትልቅ መንግሥት በተከፋፈለ ጊዜ፣ በ1441 ገደማ ሐጂ ጊራይ የተባለ መስፍን በዚያ የራሱን መንግሥት አቆመ። ገዢው «ካን» ይባላል። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ታታር ነበር፤ ግሪኮች፣ አርመኖችና አይሁዶችም አብረው ይኖሩ ነበር። ከ1475 በኋላ ካኖቹ በኦቶማን ቱርክ ሱልጣን ጥበቃ ሥር ገቡ።

በሰሜን በኩል ደግሞ የሞስኮ መንግሥት እያደገ መጣ። ገዢው «ዛር» ይባላል፤ በሩሲያ ቋንቋ ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው እንጂ በእኛ አገር ከሚታወቀው ዛር ጋር ዝምድና የለውም። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ተራራ አልነበረም፤ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የሣር ሜዳ እንጂ። ሩሲያውያን «የዱር ሜዳ» ይሉት ነበር። ደፍሮ የሚያርሰው ስላልነበረ ሣሩ ለፈረስ ይመች ነበር። የታታር ፈረሰኞች ከፔሬኮፕ ተነሥተው፣ ወንዝ እንዳያግዳቸው የወንዞቹን መነሻ እየዞሩ፣ ከሞስኮ በስተደቡብ እስካለችው እስከ ቱላ ከተማ ይዘልቁ ነበር።

የጠቡ ምክንያት ምን ነበር? አንደኛው ክብር ነው። ካኖቹ ራሳቸውን የቀድሞዎቹ የሞንጎል ገዢዎች ወራሾች አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ ሞስኮ እንደ ጥንቱ ልትገብርልን ይገባል ይሉ ነበር። ሞስኮም በየጊዜው ጸጉራም ቆዳና ገንዘብ ትልክላቸው ነበር። ዕቃው አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ ሁለት ነበር፦ በሞስኮ «ስጦታ» ሲባል፣ በካኑ ዘንድ «ግብር» ይባል ነበር። ይህ መላክ በስምምነት የቀረው በ1700 ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የባሪያ ንግድ ነው። ዘማቹ ደመወዙ ምርኮ ነበር። የተማረከው ሰው ዛሬ ፌዮዶሲያ ወደምትባለው ወደ ኬፌ ወደብ ተነድቶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ቱርክ አገር ይሸጥ ነበር። ኖቮሴልስኪ የተባለው ሩሲያዊ የታሪክ ተመራማሪ፣ ከ1600 እስከ 1650 ባለው ጊዜ ብቻ ከሞስኮ ግዛት ከ150,000 እስከ 200,000 የሚደርስ ሰው እንደተማረከ ገምቷል። ከፖላንድ መንግሥት ሥር ከነበረው ከዩክሬን የተወሰደው በዚህ ውስጥ አይገባም።

ሞስኮ ድንበሯን ለመጠበቅ ብዙ ደከመች። በጫካ በኩል ዛፎችን ጫፋቸውን ወደ ደቡብ አድርጋ እየጣለች ለፈረስ የማያሳልፍ አጥር ሠራች። በየካቲት 1571 ስለ ድንበር ዘበኞች ደንብ ወጣ፤ ዘበኛ ምሳ በበላበት እንዳያድር፣ በአንድ ቦታም ሁለት ጊዜ ገንፎ እንዳያበስል ያዛል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ካን ደውለት ጊራይ ዘበኞቹን አልፎ ሞስኮ ከተማ ደረሰ፤ እሳት ለቆባትም ከተማይቱ ነደደች። ዛር ኢቫን 4ኛ ሸሽቶ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1572፣ ካኑ እንደገና ቢመጣም ከሞስኮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሞሎዲ ላይ የልዑል ቮሮቲንስኪ ጦር መልሶታል። ከ1635 ጀምሮ ደግሞ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የምሽግ መስመር ተሠራ፤ ወታደሩም በዚያው መሬት ተሰጥቶት አራሽ ሆነ። እንዲህ እያለ ድንበሩ ወደ ደቡብ ተገፋ።

በደሉ ግን ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ኮሳክ የሚባሉት የድንበር ተዋጊዎች በጀልባ እየሄዱ የክሪሚያንና የቱርክን ጠረፍ ይዘርፉ፣ ሰውም ይማርኩ ነበር። በ1736 የሩሲያ ጦር ክሪሚያ ገብቶ የካኑን ዋና ከተማ ባኽቺሳራይን ከነቤተ መንግሥቱ አቃጥሏል።

አሁን ወደ ተራው ሰው እንምጣ። ልጁ ወይም ሚስቱ የተማረከችበት ገበሬ ምን ያደርግ ነበር? በ1551 በሞስኮ የተሰበሰበ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ የምርኮኛ ማስፈቻ ገንዘብ በምእመናኑ ሁሉ ላይ እንዲደለደል ወሰነ። በ1649 የወጣው የሕግ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ሰጥቷል። የከተማ ነዋሪ በየቤቱ 8 ዴንጋ፣ የመሬት ባላባቶች ገበሬዎች 4 ዴንጋ በየዓመቱ ይከፍሉ ነበር፤ 200 ዴንጋ አንድ ሩብል ነው። የሰው ዋጋም ተቆርጦ ነበር፦ ለገበሬ 15 ሩብል፣ ለከተማ ሰው 20፣ ለሞስኮ ጠመንጃ ያዥ ወታደር 40። ሰውን በማዕረጉ መተመኑ ያሳዝናል። ነገር ግን ዘመዱ ያልተማረከበትም ሰው ስለማያውቀው ወገኑ ገንዘብ እንዲያዋጣ ያደረገው ይኸው ሕግ ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። በ1648 በዩክሬን ኮሳኮች በፖላንድ ላይ ሲነሡ፣ የክሪሚያው ካን እስላም ጊራይ 3ኛ ከእነርሱ ጋር ተባበረ። በዚያ ዐመፅ እጅግ ብዙ አይሁዶች ተገደሉ። አንዳንድ ማኅበረሰቦች ከሞት ምርኮ ይሻላል ብለው እጃቸውን ለታታሮች ሰጡ። ምርኮኞቹ ወደ ኢስታንቡል ገበያ በደረሱ ጊዜ የዚያ ከተማ አይሁዶች ገንዘብ እያዋጡ ያስፈቷቸው ጀመር። የእነርሱ አቅም ሲያልቅ መልእክተኞች ወደ ጣሊያንና ወደ አምስተርዳም ተላኩ። በሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ በሌላ ልማድ የሚጸልይ አይሁዳዊ ላላየው ወንድሙ ከፈለ። ይህ በዕብራይስጥ «ፒድዮን ሽቩዪም» ይባላል፤ ራምባምም ድኻን ከማብላትና ከማልበስ እንደሚቀድም ጽፏል።

የካኖቹ መንግሥት ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። ሩሲያ ቱርክን በጦርነት አሸንፋ በ1774 በተፈረመው ውል ክሪሚያ ከሱልጣኑ ተለየች፤ በ1783 ደግሞ ንግሥት ካትሪን 2ኛ ከሩሲያ ጋር ቀላቀለቻት። ብዙ ታታሮች አገራቸውን ትተው ወደ ቱርክ ተሰደዱ። በግንቦት 1944 የስታሊን መንግሥት የቀሩትን፣ ከ180,000 በላይ ሰዎችን፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በባቡር ጭኖ አብዛኞቹን ወደ ኡዝቤኪስታን አጋዘ። መመለስ የቻሉት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ክሪሚያ በ1954 ለዩክሬን ተሰጥታ ነበር፤ በ2014 ሩሲያ ያዘቻት፤ አብዛኞቹ የዓለም መንግሥታት ግን ይህን አልተቀበሉም።

እንግዲህ አባታችን፣ «የማን ነበረች?» ላሉት መልሱ ይህ ነው፦ ካን ገዝቷታል፣ ሱልጣን ጠብቋታል፣ ንግሥት ወስዳታለች። ከገዢዎቹ በታች ግን የሚማረክና የሚጋዝ ሰው ነበረባት። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ካርታ ሲያሳዩአችሁ፣ መስመሩ የት ነው ከማለት ጋር በመስመሩ ላይ ማን ይኖር ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው። ዘመዱን በወዲያ ማዶ ትቶ የመጣ ሰው የዚህ ጥያቄ ትርጉም አይጠፋውም። በኡልፓን አጠገባችሁ የሚቀመጡት ሰዎች በተኳረፉ ጊዜም፣ የሁለቱም አያቶች ከዚያ ሜዳ አንድ ነገር ሳይጎድልባቸው እንዳልቀረ አስቡ።