ለጠባብ ክፍል ትልቅ ስፒከር አትግዙ

ይህን የምጽፈው ደሞዝ ተቀብላችሁ "አንድ የሚመታ ነገር ልግዛ" ብላችሁ መርካቶ ለመውረድ ለተነሳችሁ ሰዎች ነው። ቆይ፣ አንዴ ስሙኝ። እኔ በገንዘቤ ተምሬዋለሁ።

የምኖረው ሰው ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን፣ አለቀ። አምና ሦስት ወር ቆጥቤ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ካርቶኑ ላይ "10,000 ዋት" የሚል ስፒከር ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ሲከፍቱት ደረቴን ነዘረኝ። "ይሄ ነው!" አልኩ።

ከዚያ አባቴ ለሕክምና ከገጠር መጡና አንድ ወር አብረን ሰነበትን። አንድ ምሽት የአስናቀች ወርቁን ዘፈን በክራር ከፈትኩላቸው። ጥቂት አዳመጡና "ልጄ፣ ምን እያለች ነው?" አሉኝ። ድምፁን ጨመርኩ። ዱም ዱሙ ባሰበት እንጂ ቃሉ አልጠራም። ይባስ ብሎ አከራዬ መጥተው በሩን አንኳኩ። አባቴም "ተወው በቃ፣ ጆሮዬ ነው" አሉ።

ጆሯቸው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤዝ ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው፤ የ43 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ 8 ሜትር ያህል ይሆናል። አራት ሜትር ክፍል ውስጥ ይህ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን ያጠናክራል። ስፒከሩን ጥግ ላይ ስታስቀምጡት ደግሞ ይብሳል። ያ ጉርምርምታ ነው የዘፋኙን ቃል የሚውጠው። ትልቅ ስፒከር በገዛችሁ ቁጥር የምትገዙት ይሄንኑ ጉርምርምታ ነው።

ዋቱስ? 10,000 ዋት በ220 ቮልት ከ45 አምፔር በላይ ይፈልጋል። የትኛው የቤት ሶኬት ነው ይህን የሚችለው? ቁጥሩ ለካርቶን ማሳመሪያ ነው። ደግሞም ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ከአንድ ሜትር ተኩል ለሚሰማ ሰው 20 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ያን ግንድ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። በዚያው ብር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ ያገለገሉ ስፒከሮች ገዛሁ። ዉፈራቸው 4 ኢንች ነው፣ አምፕሊፋየሩ ውስጣቸው አለ። ከግድግዳው ትንሽ አራቅኳቸው፤ ቱዊተሩን በጆሮዬ ትክክል አደረግኩ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት እኔ ከምቀመጥበት ርቀት ጋር አስተካከልኩ። ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ። በቃ።

ጓደኛዬ "ቤዝ የሌለው ዘፈን ጨው የሌለው ወጥ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ 4 ኢንች ዉፈር ታች ድረስ አይወርድም። ሬጌ ስሰማ የሚጎድል ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ግን የኛ ዘፈን ግማሹ ቃሉ ነው። ሰሙ ካልተሰማ ወርቁ ከየት ይመጣል? በትንሽ ብር ሁሉንም ማግኘት ካልተቻለ፣ እኔ ቃሉን እመርጣለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ የዉፈሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ እንዳልተበላ እዩ። ሁለቱን ለየብቻ አስከፍቱ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁም ስሙት፤ ጥሩ ስፒከር ቀስ ሲልም ቃሉ ይለያል። ሻጩ የሚከፍትላችሁን ሙዚቃ አትመኑ፤ ግጥሙን በቃላችሁ የምታውቁትን ዘፈን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ውረዱ።

አባቴ ባለፈው ወር ለቀጠሮ ተመልሰው መጥተው ነበር። ያንኑ ዘፈን ከፈትኩላቸው፤ ድምፁን አልጨመርኩም። አንድ ስንኝ ላይ ሲደርስ ብቻቸውን ሳቁ።