ስለ ደጋ ቤት ማሞቂያ

በዚህ በቤተሰብ ገጻችን ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳ ሥራ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ግን አንባቢዎቻችን ደጋግመው ስለሚጠይቁን አንድ ነገር ጥቂት ቃል ለመናገር ፈቅደናል። ይኸውም በደጋ አገር የሚኖር ቤተሰብ ገንዘቡንም ጤናውንም ሳይጎዳ የክረምቱን ቅዝቃዜና የታኅሣሥን ውርጭ ለማለፍ ቤቱን በምን ቢያሞቅ ይሻለዋል የሚለው ነው።

ይኸን ለመጻፍ ያነሣሣን በደብረ ታቦር በአንድ ወዳጃችን ቤት የደረሰው ነገር ነው። እኒህ ወዳጃችን ለመንግሥት ሥራ ታዝዘው ከአዲስ አበባ ሲዛወሩ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አማታቸውን ይዘው ሄዱ። የተከራዩት ቤት በብሎኬት የታነጸ፣ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ለዓይን እጅግ የሚያምር ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ሌሊቱ አላስተኛቸውም። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስመጡ። ማሞቂያውም ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት ይጠብሳል እንጂ ቤቱን አላሞቀም፤ ሲያጠፉት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ብርዱ ይመለሳል። በወሩ መጨረሻ የመጣው ሒሳብ ደግሞ ሌላ ብርድ ሆነባቸው።

አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋ። የቤት ሠራተኛዋም ለልጆቹ አዝና ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ ፍሙ እንደ ቀላ ወደ መኝታ ቤታቸው አስገባች፤ ብርድ እንዳይገባም በሩን ዘጋች። እኩለ ሌሊት ሲሆን አማትየው እንደ ልማዳቸው ለጸሎት ቢነሡ ትንሹ ልጅ ሲያስመልሰው ሰሙ። ገብተው ታላቂቱን ቢጠሯት አልሰማችም። እኒያ እናት ምንም ሳይጠይቁ መስኮቱን ከፈቱና ልጆቹን አንድ በአንድ ተሸክመው ወደ በረንዳ አወጡ። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ተወስደው ኦክሲጅን ተሰጥቷቸው ሁለቱም ዳኑ። ወዳጃችን ይኸን ሁሉ በደብዳቤ ካተቱልን በኋላ፣ «እንግዲህ የትኛውን ማሞቂያ ልግዛ?» ብለው ጠየቁን።

ከመልሳችን አስቀድመን ስለ ከሰል እንናገር፤ ነገሩ የገንዘብ ሳይሆን የነፍስ ነውና። ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ የሚወጣው ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይንም አይቆጠቁጥ። ወደ ደም ሲገባ ኦክሲጅን የሚያዝበትን ቦታ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በዚያም ላይ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እሳቱ ከቆላው ይልቅ አጥርቶ ለመንደድ ይቸገራል፤ ሰውም ከሚተነፍሰው አየር የሚያገኘው ኦክሲጅን ከቀድሞውም ያነሰ ነው። በከሰሉ አጠገብ አንድ ጣሳ ውኃ ቢቀመጥ መርዙን ይስባል የሚሉ ሰዎች ሰምተናል፤ ውኃ ያን ጋዝ አይዝም። ከሰል በቤት ውስጥ የሚነድ ከሆነ ሰው ነቅቶ በተቀመጠበት፣ በርና መስኮት በተከፈተበት ለቡና ያህል ይሁን እንጂ ወደ መኝታ ቤት ፈጽሞ አይግባ። ከከሰል አጠገብ የተቀመጠ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ያለ ምንም ጥያቄ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሐኪምም ይየው።

አሁን ወደ ወዳጃችን ጥያቄ እንመለስ። የሰጠናቸው መልስ «ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት ቀና ብለው ጣራዎን ይመልከቱ» የሚል ነበር። ያ ያማረ ቤት ኮርኒስ አልነበረውም። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ የሚያገኘው ደግሞ ስስ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሙቀትን ቶሎ ያስተላልፋል፤ በታኅሣሥ ደመና በሌለበት ሌሊትም ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሊነጋጋ ሲል ከቆርቆሮው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ የዝናብ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ትንፋሽ ነው። እንዲህ ባለው ቤት ማሞቂያ መትከል በተቀደደ አቁማዳ እህል እንደ መስፈር ነው።

የቀድሞዎቹ የፋርጣና የጋይንት ቤቶች በዚህ ረገድ ከኛ ይሻሉ ነበር። ወፍራም የሣር ክዳን በውስጡ ብዙ አየር አምቆ ስለሚይዝ ሙቀት አያስወጣም። ከጭድ ጋር የተቦካ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ወይም በጭቃ የተካበ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ማታ እሳቱ በአመድ ይዳፈናል፤ ከብቱም በአንድ ጣራ ሥር ሲያድር ትንፋሹ ለሰው ይተርፋል። ይኸን ስንል ግን ወደዚያ እንመለስ ማለታችን አይደለም። የእናቶቻችንን ዓይን ያጠፋና ሳንባቸውን የጎዳ የዚያው ቤት ጢስ ነው፤ ሣሩም ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ነው። ጥበቡን ወስዶ ጢሱን መተው ግን ይቻላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ኮርኒስ ይሠራ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ሙቀት የሚያግድ ነገር ይነጠፍ፤ በገበያ የሚገኘው የመስተዋት ጥጥ ጥሩ ነው፤ አቅም ያነሰው ሰው ጠንካራ ጣውላ አስደርጎ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ በስሱ ቢያስለስንበት ይጠቀማል። ደረቅ ሣር ብቻውን መጎዝጎዝ ግን አይጥ ይጠራል፤ ከኤሌክትሪክ ገመድ አጠገብም ቤት ያቃጥላል። ከዚህ ቀጥሎ የበሩ ሥርና የመስኮቱ ክፈፍ ይደፈን፤ ማታ ማታም ወፍራም መጋረጃ ይጋረድ። የሲሚንቶ ወለል እግርን እንዳያቀዘቅዝ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይነጠፍበት። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በየወሩ ሒሳብ አያስከፍልም።

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የፀሐይን መንገድ ይመርምር። በደብረ ታቦር የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ትቆማለች፤ አንደኛው ሚያዝያ 13 ቀን ገደማ፣ ሁለተኛው ነሐሴ 16 ቀን ገደማ፣ ማለት ከቡሄ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ ባለው በረጅሙ ወራት ፀሐይዋ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ትልልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ቢከፈት ብርድ በሚጠናበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ያለ ክፍያ ወደ እልፍኝ ትገባለች። በስተ ምሥራቅ አንድ መስኮት ቢጨመር የጧቱን ቁር ያባርራል። ብዙ ባለ ቤቶች ግን መስኮቱን አስፋልቱ ወዳለበት ይከፍቱታል፤ ቤቱ ለመንገደኛ ሲያምር ባለቤቱ በጋቢ ተጀቡኖ ይቀመጣል።

ከጣራው በኋላ የሚመጣው የምድጃ ነገር ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያዘዟቸው የአውሮጳ ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ማፍሰሳቸውና መድፉም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ መጓዙ የታወቀ ነው። ነሐስ ለመቅለጥ አንድ ሺሕ ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። እንጨት በሜዳ ላይ ቢቆለል ነበልባሉ ለነፋስ ይሆናል፤ በወፍራም ግድግዳ ሲታጠር ግን ነሐስ ያቀልጣል። በቤታችን ያለው የሦስት ጉልቻ ምድጃ እስከ ዛሬ በሜዳ ላይ እንዳለ እሳት ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን አጥሮ ስለሚይዝ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ላቀች የተባለችውም የከሰል ምድጃ ሩብ ያህል ታተርፋለች። ይሁን እንጂ ላቀች ከሰል ትቆጥባለች እንጂ መርዙን አታስቀርም።

በደጋ የሚነድ ማገዶ ከሌላው አገር ይልቅ ይበዛል፤ በደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ይዘገያሉና። ክዳኑ የሚጠብቅ የግፊት ድስት ለዚህ መድኃኒት ነው። የማገዶው ነገር ደግሞ ከጓዳ አልፎ ይሄዳል። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጉና ተራራ የሚበቅለው አስታ ለማገዶ ሲቆረጥ፣ ኩበቱም ለእርሻ መሆኑ ቀርቶ ሲነድ፣ ከጉና የሚፈልቁት ጉማራና ርብ አፈሩን ይዘው ወደ ጣና ይወርዳሉ።

የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል የሚገኘው ከውኃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ መሞቅ ከእንጨትና ከከሰል የተሻለ መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም ሒሳቡን እንይ። ሁለት ኪሎ ዋት የሚስብ ማሞቂያ በሌሊት ስምንት ሰዓት ቢሠራ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 480 ይበላል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን እየከበደ የሚሄድ ስለ ሆነ ምጣዱና ማጠቢያው ሲታከሉበት ቤተሰቡ ወደ ከባዱ እርከን ይገባል። በአንጻሩ ኤር ኮንዲሽነር ከሚባለው መሣሪያ የሚያሞቀውም የሚያቀዘቅዘውም ዓይነት ሙቀቱን ከውጭ አየር እየቀዳ ስለሚያስገባ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ የመብራት መዋዠቅ ይጎዳዋል፣ ሲበላሽም ዐዋቂ ባለሙያ ይሻል። እንግዳ የሚበዛበት ትልቅ ቤት ካልሆነ በቀር ለደብረ ታቦር አንመክረውም። ኮርኒሱ በተሠራ ክፍል አንድ ዘይት የተሞላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመኝታ በፊት ሁለት ሰዓት ቢሠራ ይበቃል፤ በአልጋ ላይም በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ከረጢት ይጨመር። ቡኻሪ የሚያሠራ ሰው ካለ የጢስ መውጫው ከጣራው በላይ ይዝለቅ፤ ክፍት ከሆነው ይልቅም በር ያለው የብረት ምድጃ ይምረጥ፤ በክፍቱ የሚነደው ሙቀት አብዛኛው በጢሱ መንገድ ይወጣልና።

በፎገራ ሜዳ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህ ሁሉ ስለ ብርድ መነገሩ እንደሚያስቃችሁ እናውቃለን። ወረታ ከደብረ ታቦር ወደ ዘጠኝ መቶ ሜትር ዝቅ ያለች ናትና በመጋቢትና በሚያዝያ የምታስቸግራችሁ ፀሐይ ናት። ያው ኮርኒስ ግን ለናንተም ይሠራል፤ የቆርቆሮውን ግለት ከራስ ላይ ያግዳልና። ከጣራው ሥር የአየር መውጫ ይተውለት፣ ቆርቆሮው ነጭ ይቀባ፣ በስተ ምዕራብ ጥላ ያለው ዛፍ ይተከል። ከዚያ በኋላ አንድ ማራገቢያ ይበቃል።

ወዳጃችን ከባለ ቤቱ ጋር ተስማምተው ኮርኒሱን በመጋቢት አሠሩ፤ ወጪውም ከኪራዩ ቀስ በቀስ እንዲታሰብላቸው ተዋዋሉ። በቅርቡ በጻፉልን ደብዳቤ እንደሚነግሩን ማሞቂያው አሁን የሚሠራው ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ብቻ ነው። የከሰል ምድጃውን ግን አማትየው ቡና ካለቀ በኋላ በገዛ እጃቸው ወደ በረንዳ አውጥተው ፍሙ ላይ ውኃ ሳያፈሱበት አይተኙም።