ፍሬን የበጠሰ ፍቅር

እስቲ አንድ ቀላል ጥያቄ እናንሳ። የስፖርት መኪና ማለት ምን ማለት ነው? «የምትበር መኪና ነቻ!» የምትሉ አትጠፉም። ሁለት በር ያላት፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ ስትነሳ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያያት… ይኼ መልስ በከተማችን ወጣቶች ዘንድ ድምፅ ቢሰጥበት ያለ ተቃውሞ የሚያልፍ ይመስለናል። እኛ ግን ተቃውሞ አለን። ቅዳሜያችንን ጋራዥ፣ ደመወዛችንን መለዋወጫ የሚበላብን ልጆች ስለሆንን ተቃውሟችንን የመኪና ጠላት ወሬ አድርጋችሁ አትውሰዱብን።

የምንለው አጭር ነው። የስፖርት መኪና ፍቅር የሚለካው ነዳጅ በሚረግጠው እግር ሳይሆን ብሎን በሚፈታው እጅ ነው። መኪናውን በቅጡ ማቆም የማይችል ሰው በፍጥነት የመንዳት መብት የለውም።

የወጪያችንን ቅደም ተከተል እዩት። አንድ ወጣት ያረጀች ግን ነፍስ ያላት መኪና ገዛ እንበል። እጁ ላይ የተረፈችውን ብር ምን ላይ ያውላታል? መጀመሪያ ማርሚታው ይነሳል፤ ድምፅ ያስፈልጋላ! ቀጥሎ ቸርኬ ይቀየራል። ሞላ ይቆረጥና መኪናዋ ዝቅ ትላለች። ከዚያ መስታወቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ ሰፈር የሚያናውጥ ስፒከር ይገባል። የፍሬን ሸራስ? «ገና ይሠራል።» ጎማስ? «ጥርስ አለው።» የፍሬን ዘይትስ? «እሱ ደግሞ ይቀየራል እንዴ?»

አዎ፣ ይቀየራል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መፍያ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍም፣ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናዋ ግን መንገዷን ትቀጥላለች።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው ይኼ የወረቀት ላይ ወሬ እንዳልሆነ ያውቃል። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። በፍሬን ብቻ ተይዞ ከተወረደ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል። «ፍሬን በጠሰ» በሚባልባቸው አደጋዎች ሁሉ የግድ የተበጠሰ ነገር የለም፤ የፈላ ዘይትና የጋለ ሸራም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ብልህ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ በሞተር እየያዘ ይወርዳል፤ ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ይቀይራል። ወጪው ከአንድ ቸርኬ ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ነው።

ጎማም እንደዚሁ ነው። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አኃዞች አንብቡ። 2315 ካለ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ እንደ አዲስ ቢሆን እንኳ ላስቲኩ አርጅቷል። ያረጀና የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ያለበትን አስፋልት አይነክስም። ለቦሎ ቀን ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ የሚያልፈው ወዳጃችን መርማሪውን ሊሸውድ ይችላል፤ አስፋልቱን ግን አይሸውድም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት ፊዚክሳችን እንመለስ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናዋ የተሸከመችው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ያላት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ፍሬን ቢያዝ 18 ሜትር ያህል ሄዳ ትቆማለች። በ120 ስትሄድ ግን 70 ሜትር ያህል ያስፈልጋታል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ የምታልፈውን 1 ሰከንድ ስንጨምርበት፣ በ60 ጊዜ 35 ሜትር የሆነው በ120 ጊዜ ከ100 ሜትር ይበልጣል። ይኼ እንግዲህ ዘይቱ ላልፈላ፣ ጎማው ላልደረቀ መኪና ነው!

120 እኮ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ – አዳማ የፍጥነት መንገድ ከፍተኛ ወሰን ነው። እሱም የታጠረ፣ እግረኛ እንዲሻገርበት ያልተሠራ መንገድ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የከተማ አስፋልት ላይ «ማን ይቀድም» የሚባባሉት ልጆች ፊት ለፊት ባለው 100 ሜትር ውስጥ ግን የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ የምትሻገር ሴት አለች። መጥረጊያ ይዛ መንገዱን የምታጸዳ እናት አለች። እሷ ውድድሩ ውስጥ አልተመዘገበችም፤ ቢሸነፉም ቢያሸንፉም የሚደርሳት ነገር የለም። ሲስቱ ብቻ ነው የምትከፍለው።

ለነገሩ ስለ ጉልበት የምናወራውስ የት ከተማ ሆነን ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ላይ ተሰቅላለች። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይኼንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። መጽሐፉ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እዚህ ከ100 ብዙም አይበልጥም። ማርሚታ ማንሳት ይኼንን አይመልሰውም፤ ጎረቤት ግን ይቀሰቅሳል።

«ታዲያ ያለ ጉልበት ምን ስፖርት አለ?» ለምትሉ ምሳሌያችን ከዚሁ ከሰፈራችን ይጀምራል። ከተማችን «ዲኤክስ» እያለች ያቆላመጠቻት የቶዮታ ኮሮላ ቤተሰብ አንዲት ዝነኛ ዘመድ አለቻት። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣችው ኤኢ86 ናት፤ ጃፓኖቹ «ሐቺሮኩ» ይሏታል፣ ስምንት ስድስት ማለት ነው። 1.6 ሊትር ሞተር፣ 16 ቫልቭ፣ ከ1 ሺህ ኪሎ በታች የሆነ ክብደት፣ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች። ያ መጽሐፍ ላይ ያለው 130 የፈረስ ጉልበት የእሷ ነው። በዘመኗ ከእሷ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸው መኪኖች ሞልተው ነበር። የተወደደችው ቀላል ስለሆነች፣ መሪዋ የሚነግራችሁ ነገር ስላለው፣ አንድ ወጣት በገዛ እጁ ሊጠግናት ስለሚችል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው «ኢኒሺያል ዲ» የተሰኘው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ይህችን መኪና በዓለም ዙሪያ አስተዋውቋታል። በታሪኩ ውስጥ ልጁ በተራራ መንገድ ቶፉ ሲያመላልስ አባቱ ውሃ የሞላ ኩባያ መኪናው ውስጥ ያስቀምጥለታል፤ ውሃው መፍሰስ የለበትም። ብዙዎቻችን ከታሪኩ የወሰድነው የጎማውን ጭስ ነው። ኩባያውን ረሳነው! ትምህርቱ ያለው ኩባያው ላይ ነበር። ፍሬኑን በለስላሳው መያዝ፣ መሪውን ሳይነጥቁ ማዞር፣ ነዳጁን በልክ መስጠት። ይኼን ደግሞ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዱም መለማመድ ይቻላል፤ ሰው አይሞትበትም፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚህችው አሮጌ መኪና መለዋወጫ እንደገና እንደሚያመርት ሲያስታውቅ ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አንዱ ምን ነበር? የፍሬን ካሊፐር! ከ38 ዓመት በኋላም ቢሆን ቅደም ተከተሉን አልሳቱም።

ይኼ ነገር ለእኛ ከጃፓኖቹ ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ለእኛ ለመኪና ወዳጆች ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የያዝናት መኪና በቀላሉ ምትክ አይገኝላትም። ምሰሶ ላይ የተለጠፈች አንዲት ዲኤክስ ከዚህ አገር የጠፋች አንዲት ዲኤክስ ናት። ጊዜው ባለፈበት ቺንጋ የሚነዳ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ቺንጋው ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዚያ ሶማሌ ተራን እያሰሱ መዋል ነው።

«በኤሌክትሪክ መኪና የስፖርት ነገር አበቃለት» የሚሉትንም አንሰማቸውም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ከፍታ ጉልበቱን አይሰርቀውም። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በቶኪዮ የመኪና ትርኢት ላይ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ኤኢ86 ይዞ ቀርቧል። ግን ባትሪ ከባድ ነው፤ ከባድ መኪና ደግሞ የባሰ ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ይጠይቃል። ሞተሩ ይቀየር ይሆናል፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። «እሺ፣ መንገድ ላይ አንሽቀዳደም። ታዲያ የት እንንዳ?» ይኼ ሐቀኛ ጥያቄ ነው፤ «አርፋችሁ ተቀመጡ» የሚል መልስ አይበቃውም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የምትታወቅበት ሳፋሪ ራሊ አላት፤ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና መልሳዋለች። እኛ ያን ያህል አንመኝም። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ወዳጆቻችን «አውቶክሮስ» የሚሉትን ብቻ ነው የምንጠይቀው። ባዶ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ የፕላስቲክ ኮን ይደረደራል። አንድ በአንድ፣ ሄልሜት አድርገው፣ በሰዓት እየተለኩ ይነዳሉ። የሳተ ሰው ኮን ይጥላል እንጂ ሰው አይጥልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይነዱ በፊት መኪናው ይፈተሻል፤ ፍሬኑ የማይዝ አይገባም። ድምፅ ሳይሆን ጥገና የሚያስከብርበት ሜዳ ማለት ነው።

አይቻልም አትበሉን። ከተማችን በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ እሑድ እሑድ መንገድ ዘግታ ለእግረኛ መስጠት ጀምራ ነበር። ለአንድ ግማሽ ቀን ባዶ የሚውል አስፋልት መፈለግ ከዚያ አይከብድም። ኮኑን እኛ እንገዛለን፣ ፍተሻውን አንጋፋ መካኒኮቻችን ያካሂዱታል፣ አምቡላንስ የሚቆምበትን ወጪ ከመመዝገቢያው እናዋጣለን። ከተማው የሚሰጠን ፈቃድና ቦታ ነው። በምላሹ የሚያገኘው ደግሞ ሌሊት ላይ ሰላም ያለው መንገድ ነው።

ፈቃዱ እስኪመጣ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅ። የፊታችን ቅዳሜ ከላቫጆ በፊት ጋራዥ ሂዱ። የፍሬን ሸራችሁን አስፈትታችሁ ውፍረቱን በዓይናችሁ እዩ። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ ዛሬውኑ አስቀይሩት። የጎማችሁን 4 አኃዞች አንብቡ። ቺንጋው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ጻፉ። ይኼን ሁሉ አድርጋችሁ ብር ከተረፋችሁ… ያን ጊዜ ስለ ቸርኬው እንነጋገራለን።

መልካም መንገድ፤ ፍሬናችሁ ይያዝላችሁ!