መልካቸው አንድ፣ ግብራቸው ለየቅል

«ተፈጥሮን እንወቅ» የሳምንቱ ዓምድ



ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ከትምህርቱ ሰዓት ቀድመው መጡ። በእጃቸው የክብሪት ቀፎ ይዘዋል። ቀፎውን ከፈት አድርገው ከኩራዙ ብርሃን አጠገብ አኖሩት። ውስጡ አንዲት የሞተች ትንኝ አለች።

«ይህችን ከከብቶቹ በረት ነው የያዝኳት» አሉን። «ታላቁ ልጄ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ በወባ ታሞ መጣ። አሁን ደግሞ ታናሽየው፣ ከቀዬ ወጥቶ የማያውቀው፣ ያተኩሰዋል። ይህች ትንኝ የወባዋ ናት ወይስ የከብቷ? እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ንገሩኝ።»

እኛም «ልጁን ጤና ኬላ ወሰዱት ወይ?» ብለን ጠየቅን።

«የለም። መጀመሪያ ትንኟን ልወቅ ብዬ ነው» አሉ። ልጁ ከተኛ ሁለት ቀን ሆኖታል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በክፍል ውስጥ «ከብት የምትመርጥ፣ ወባ በማስተላለፍ የማትታወቅ አዲስ የትንኝ ዘር በአገራችን ተገኝታለች» ብለን ነበር። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርናችሁ። እኚህም አባት «ከበረት የተያዘች ትንኝ የከብት ትንኝ ናት፤ እንግዲያስ የልጄ ትኩሳት ወባ አይደለም» ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ። ስለዚህ ዛሬ የቀረውን ግማሽ እንጽፍላችኋለን።

የትንኝ አካል

ትንኝና ዝንብ ዘመዳሞች ናቸው። የዋግ ሰው ንብን አሳምሮ ያውቃል። ንብ አራት ክንፍ አላት። ዝንብና ትንኝ ግን ሁለት ሁለት ክንፍ ብቻ ነው ያላቸው። በቀሩት ሁለት ክንፎች ቦታ፣ ጫፋቸው ያበጠ ሁለት ጥቃቅን ዘንጎች አሉ። ትንኝ ስትበር ሚዛኗን የምትጠብቀው በእነዚህ ዘንጎች ነው።

የትንኝ አካል ሦስት ክፍል አለው። ራስ፣ ደረትና ሆድ ነው። ክንፎቿና ስድስቱ እግሮቿ የሚወጡት ከደረቷ ነው። ሆዷ ደም ስትጠጣ ይነፋል።

ከራሷ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉ። ከፊቷም ሁለት መዳሰሻዎች ወጥተዋል። የወንዱ መዳሰሻ እንደ ላባ ጠጉራም ነው። የሴቷ ግን ጠጉሩ ስስ ነው። ወንዱ ሰው አይነክስም። የአበባና የእፅዋት ጣፋጭ ፈሳሽ እየጠጣ ይኖራል። ደም የምትጠጣው ሴቷ ናት። ደሙንም የምትፈልገው እንቁላል ለማፍራት ነው።

የትንኝ ኩምቢ፣ ማለት መውጊያዋ፣ ለዓይን አንድ ቀጭን መርፌ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሰገባ ነው። ማይክሮስኮፕ በጣም ትንሽ የሆነውን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በሰገባው ውስጥ ስድስት ቀጫጭን መውጊያዎች አሉ። አንዳንዶቹ ቆዳ ይሰነጥቃሉ። አንዱ ደም ይስባል። ሌላው ምራቅ ያስገባል። ምራቁ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። የወባ ተውሳክ ወደ ሰው የሚገባው በዚህ ምራቅ ነው። እንግዲህ ወባ የሚይዘን ደሙ ሲወጣ ሳይሆን ምራቁ ሲገባ ነው።

ትንኝ ሁሉ ግን ወባ አያስተላልፍም። ወባ የሚያስተላልፉት ዘሮች ያሉበት ወገን አኖፊለስ ይባላል። ይህ ወገን በሦስት ምልክት ይለያል።

አንደኛ፣ ከኩምቢዋ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች አሉ። በአኖፊለስ ወገን ሴቷም ብትሆን ዘንጎቿ የኩምቢዋን ያህል ይረዝማሉ። በሌሎቹ ሴት ትንኞች ግን አጫጭር ናቸው።

ሁለተኛ፣ የብዙዎቹ ክንፍ ዝንጉርጉር ነው። ጠቆርና ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉት።

ሦስተኛ፣ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ራሷን ዝቅ፣ የሆዷን ጫፍ ከፍ ታደርጋለች። ሌሎቹ ግን ከግድግዳው ጋር ተስተካክለው ያርፋሉ።

የክብሪት ቀፎዋን ትንኝ በአጉሊ መነጽር ተራ በተራ አየናት። ዘንጎቿ ረጃጅም ናቸው። ክንፎቿ ዝንጉርጉር ናቸው። «ይህች ከአኖፊለስ ወገን ናት» አልን። ዓይን ሊነግረን የቻለው እስከዚህ ድረስ ነው።

አዲሲቱ ዘር

በ1990 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1998) ተመራማሪዎች ከጅማ አካባቢ ስለተገኘች ትንኝ ጽፈው አሳተሙ። «ይህች እስከ ዛሬ ያልታወቀች ዘር ናት» አሉ። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል የራሷ ስም አልነበራትም። ደቡብ አፍሪካ ባለች ዘመዷ ስም ላይ የፊደል ምልክት ተጨምሮ ትጠራ ነበር። በ2005 ዓ.ም. (2013) ግን የራሷ ስም ወጣላት። ስሟም አኖፊለስ አምሐሪከስ ነው። ስሟን ስታነቡ አማርኛችን ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም።

ታዲያ አዲስ ዘር መሆኗ በምን ታወቀ? በክንፏ ነው? አይደለም። በእግሯ ነው? አይደለም። በመልኳ ከዘመዶቿ አትለይም። የታወቀችው በሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያውን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አህያና ፈረስ ሲዳቀሉ በቅሎ ይወለዳል። በቅሎ ግን አትወልድም። ፈረስና አህያ ቢቀራረቡም ሁለት ዘር ናቸውና። ተመራማሪዎቹም የኢትዮጵያዋን ትንኝ ከደቡብ አፍሪካዋ ዘመዷ ጋር አዳቀሉ። የተወለዱት ወንዶች እንደ በቅሎ መካን ሆኑ። በዚህም ሁለቱ አንድ ዘር አለመሆናቸው ተረጋገጠ።

ሁለተኛው በአካሏ ውስጥ ያለው ነው። በእንስሳ ሁሉ አካል ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ረቂቅ ክሮች አሉ። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ባሕርይ ያለው በእነዚህ ክሮች ላይ ነው። የትንኝ ክሮች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ ቀሚስ ጥለት መስመር መስመር አላቸው። አዋቂ ሰው ጥለቱን አይቶ የትኛዋ ዘር እንደሆነች ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አምሐሪከስ አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትባል ዘመድ አለቻት። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አረቢየንሲስ ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው በዓይን መለየት አንችልም። አምሐሪከስ የከብት ደም ትመርጣለች፤ ወባ በማስተላለፍም አትታወቅም። አረቢየንሲስ ግን የሰውንም የከብትንም ደም ትጠጣለች። ከበረትም ትገኛለች፣ ወደ መኝታም ትገባለች። ስለዚህ ትንኟ ከበረት መያዟ ብቻውን ከወባ ነፃ አያደርጋትም።

ፊደል ስንማር «ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። የወረዳችንን ስም ፃግብጂን በፀሐዩ «ፀ» ስንጽፍ፣ ጸሎትን ደግሞ በሌላው «ጸ» ጻፍን። የእነዚህ ፊደላት ድምፅ አንድ ነው፤ መልካቸው ግን የተለያየ ነው። ትንኞቹ የዚህ ተገላቢጦሽ ናቸው። መልካቸው አንድ ነው፤ ግብራቸው ግን ለየቅል ነው። ጆሮ የማይለየውን ፊደል ዓይን ይለየዋል። ዓይን የማይለያትን ትንኝ ደግሞ ላቦራቶሪ ይለያታል።

እኛ በዚህ ላቦራቶሪ የለንም። ስለዚህ ለእኚያ አባት «አናውቅም» ብለን መለስን። «አናውቅም» ማለት ለአስተማሪ ከባድ ነው። ግን እውነቱ ይኸው ነበር። ቀጥለንም «ትንኟን ተዉአት፤ የልጁን ደም እናስመርምር» አልናቸው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ልጁን ይዘን ከእሳቸው ጋር ወደ ጤና ኬላው ሄድን። ከጣቱ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ተወሰደ። ብዙም ሳንቆይ ውጤቱ ታወቀ። ወባ ነው። መድኃኒቱን ያን ጊዜውኑ ጀመረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ተሽሎታል። አባትየው ግን «ሌላ ሁለት ቀን ብጠብቅስ ኖሮ?» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኛም እንደዚሁ።

ምን እናድርግ?

«እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ወባ አይነካኝም» የሚል አይጠፋም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርድ ሲበረታ የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ሊበስል አይችልም። ነገር ግን የእኛ ሰው ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል፣ ለአጨዳም ሩቅ ይሄዳል። ደጋውም ቢሆን ሁልጊዜ አይድንም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. (1958) በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

እንግዲህ እነዚህን አራት ነገሮች እናድርግ።

1. አጎበር ካለን ሌሊት ሌሊት ከሥሩ እንተኛ። ሕፃናትንና ነፍሰ ጡር እናቶችን እናስቀድም። አጎበር የትንኝ ዘር አይመርጥም፤ ሁሉንም ይከለክላል።

2. ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን ጤና ኬላ ይሂድ። ትንኝ ፍለጋ ጊዜ አናጥፋ።

3. የተሰጠንን መድኃኒት ተሻለኝ ብለን ሳናቋርጥ እንጨርስ። ተካፍለንም አንዋጥ።

4. አረቢየንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ ኩሬ ውስጥ ነው። የከብት ኮቴ ያቆረው ውኃ እንኳ ይበቃታል። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ በቤታችን ዙሪያ ያቆረውን ውኃ እናፍስስ፤ ጉድጓዱንም እንድፈን።

የክብሪት ቀፎዋ አሁን በክፍላችን መደርደሪያ ላይ ናት። እኚያ አባት በገዛ እጃቸው «ትንኝ፤ ከበረት የተያዘች» ብለው ጽፈውባታል። ስታልፉ ግቡና እዩአት።

ለውይይት

ሀ. በዓይን የምናየው የት ላይ ያበቃል? ምሳሌ ስጡ።

ለ. በመንደራችሁ ውኃ የሚያቁረው የት የት ነው? ቦታዎቹን በደብተራችሁ ጻፉ።

ሐ. ትንኝን በኽምጣጝኛ ምን ትሏታላችሁ? ስሟን በፊደል ጽፋችሁ አምጡልን። እኛም ከእናንተ እንማር።

አዳዲስ ቃላት፦ ሰገባ፣ ተውሳክ፣ ዝንጉርጉር፣ ጥለት፣ ግብር። እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ጻፉ።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎቻችሁ፣ ፃግብጂ